የገብረአብ ወፍጮና ያልተማለው መሐላ

ገብረአብ የእህቴ የወለተሐና ባል ነበር። ስለ እሱ በአንኮበር ብዙ ይወራል። ወሬው ልክ አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው፣ አሳምሮ መጻፍ አይሆንልኝም። ሰው ሲያወራም መሀል ገብቼ «እንዲህ አይደለም» ማለት አልችልም፣ አፌ ይያዛል። ስለዚህ ያየሁትን ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ ወንዝ አለ። ወንዙ ዳር በውሃ የሚዞር ወፍጮ ነበር። ያን ወፍጮ የሠራው ገብረአብ ነው። ቦዩን ከቋጥኙ ሥር በዶማ ሲፈለፍል፣ የላዩን ድንጋይ ከማዶ በጠፍር እያሰርን ስንጎትት እኔም ነበርሁ። አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብን። መሬቱ ግን የእሱ አልነበረም። የባላምባራስ ወርቅአገኘሁ ርስት ነበር።

ባላምባራስ ደግ ሰው ነበሩ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። ገብረአብ ወፍጮ ልትከል ብሎ ደጅ ሲጠናቸው፣ «ይኸ ድንጋያም ለፍየልም አይሆን። ወፍጮ ካቆምህበት ወፍጮው ያንተ ነው፣ የልጅ ልጅህም ይፍጭበት። እኔ የቤቴን እህል በነጻ ትፈጭልኛለህ፣ ለፋሲካ ደግሞ አንድ ሙክት ታመጣለህ» አሉት። ይኸን ያሉት በሦስት ሽማግሌ ፊት ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በእኛ አገር ለውል ምስክር ሲጠራ የሚጠራው ሽበታም ነው። ጎረምሳ ምስክር ማስቀመጥ መናቅ ነው የሚመስል። ስለዚህ ገብረአብ በአገሩ ካሉት ሁሉ የሸመገሉትን ፈልጎ አመጣ። አንደኛው ዓይናቸው አያይም፣ ሰው እየመራቸው መጡ። ሁለተኛውን በቅሎ ላይ ግራና ቀኝ ደግፈን ነው ያመጣናቸው። ሦስተኛው ባላምባራስ ሲናገሩ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር እንደገና ተነገራቸው። እኔ ውጭ በቅሎዋን ይዤ ቆሜ ነበር፣ ቃሉን በጆሮዬ አልሰማሁም። ሲወጡ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። ገብረአብም «እነዚህን የመሰሉ ምስክሮች ማን አለው!» ብሎ ኮራ።

ወፍጮው ሠራ። ሴቱ ሁሉ ከመጅ ተገላገለ። ከቆላም ሰው ይመጣ ነበር። አብዱልሀሚድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ማሽላውን በአህያ ጭኖ ይመጣና፣ ተራው እስኪደርስ ከገብረአብ ጋራ ሲሟገት ይውላል።

«አንተ ገብረአብ፣ ድንጋይህ ከእህሌ ግማሹን በላው!»

«ድንጋይ አይበላም፣ አህያህ ናት በመንገድ የበላችው።»

«ወላሂ አህያዬ ጾመኛ ናት፣ እንዳንተ።»

ገብረአብ ይስቃል። ዱቄት በዱቄት ሆኖ ሲስቅ ጥርሱ አይለይም ነበር። አንድ ልጅ ብቻ አለችው፣ ባፈና። ከእሷ በፊት የተወለዱት አልበረከቱም። እሷም ደረቷን ያማት ነበር፣ ዱቄቱ ነው እያሉ ወፍጮ ቤት አያስገቧትም።

ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ተራ በተራ ሞቱ። ገብረአብ ለሁሉም ቀብር ወጥቷል፣ አልቅሷል። አንድ ቀን እንኳ «ምስክሬ አለቀ» ብሎ አላሰበም፣ እኛም አላሰብንም። ባላምባራስ አሉ አይደል? ከዚያ እሳቸውም ሞቱ።

ልጃቸው ኃይለ ገብርኤል ደብረ ብርሃን ተምሮ በአንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ነበር። ከአባቱ ተዝካር በኋላ ወፍጮ ቤት መጣ። ቆሎ አቀረብንለት፣ ልጅ ሆኖ እዚያው ቆሎ ሲበላ ነው ያደገው። ዘገነና አልበላውም፣ በእጁ ይዞ ቀረ።

«ጋሼ ገብረአብ፣ የኪራይ ውል ብንጻጻፍ ጥሩ ነው» አለ።

«የምን ኪራይ?»

«የወፍጮው።»

ገብረአብ ሳቀ። የሚቀልድ መስሎት ነው። «የራሴን ወፍጮ ከማን ነው የምከራየው? ከራሴ?»

«መሬቱ የእኛ ነው። መሬት ላይ የቆመ ነገር ደግሞ የባለመሬቱ ነው። ሕጉ እንደዚያ ይላል።»

«አባትህ ያሉትን አታውቅም?»

«አባቴ ያለው ተጽፏል?»

ገብረአብ ያን ጊዜ ተቆጣና ከወፍጮ ቤቱ አስወጣው። እኔ አሁን ሳስበው፣ ማስወጣት አልነበረበትም። ቁጭ ብሎ ሰው አስጠርቶ፣ ወፍጮው የገብረአብ መሬቱ የእናንተ ብሎ ያን ጊዜ ማጻፍ ይቻል ይሆን ነበር። እንጃ። የተቆጣ ሰው ይኸን አያስብም።

መጥሪያው መጣ። ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ወጣን፣ እኔና እሱ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፍርድ ቤቱ ግቢ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። የኛ ሲጠራ ገብረአብ ገብቶ እጅ ነሣ። ዳኛው መጥፎ ሰው አልነበሩም፣ ቀስ ብለው ነው የጠየቁት።

«ወፍጮው የኔ ነው ትላለህ። ጽሑፍ አለህ?»

«የለኝም ጌታዬ።»

«ምስክርስ?»

«አሉኝ ጌታዬ። ሦስት የታወቁ ሽማግሌዎች።»

«የት ይገኛሉ?»

«አንዱ ሚካኤል ናቸው፣ ሁለቱ ማርያም።»

«ካህናት ናቸው?»

«አይ ጌታዬ። ተቀብረው ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛው እንኳ ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ አዞሩ። ገብረአብ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም፣ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ እኔ ተጠየቅሁ። «ሲነጋገሩ ሰምተሃል?» ሲሉኝ፣ በቅሎ ይዤ ውጭ ነበርሁ አልሁ። ደግሞም የሚስቱ ወንድም ነህ ተባልሁ፣ አስወጡኝ። አብዱልሀሚድ ራሱ መጥቶ ነበር፣ ማንም ሳይጠራው፣ ገበያውን ትቶ።

«ማስፈጫውን ለማን ትሰጥ ነበር?» አሉት።

«ለገብረአብ ነዋ።»

«ወፍጮው የሱ መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«እሱ ሲፈጭ አየዋለሁ። ድንጋዩን የሚወቅር እሱ፣ ቦዩን የሚጠርግ እሱ። ሌላ ማን አለ?»

«ይኸን ሁሉ ተከራይም ያደርጋል።»

አብዱልሀሚድ ወጥቶ ደጅ ላይ፣ «ይኸ ሰውዬ አንድ ቃል ብቻ አለኝ፣ የእኔን ሁሉ ደመሰሰው» አለኝ። ዳኛው እንግዲህ በቂ ማስረጃ አላየሁም፣ ግን የአንድ አገር ሰዎች ናችሁና በሽማግሌ ሞክሩ፣ ካልሆነ ተመልሳችሁ ኑ ብለው ቀጠሮ ሰጡን።

ግቢው ጥግ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር፣ ሣጥን ላይ ተቀምጦ። አንድ ወረቀት እናጽፍ ብለን ነገሩን ስንነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ወፍጮው የኔ ነው ብላችሁ ብቻ ነው የቆማችሁ?»

«የኔ ነዋ!» አለ ገብረአብ።

«ቢሆንም። ባለመሬቱ እያዩ ሳይቃወሙ ነው የሠራሁት፣ ወፍጮው ካልተሰጠኝ እንኳ የደከምሁበት ይታሰብልኝ ይባል ነበር። ሁለቱንም ነው የሚጠይቁ። አሁንም ልጻፍልህ።»

«የደከምሁበት ይታሰብልኝ ካልሁማ ወፍጮው የሱ ነው ማለቴ አይደለም እንዴ? አልልም።»

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠና፣ «አባቴ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ እንዳንተ ነው» አለ። አላጻፍንም። ያን ቀን እጁን ይዤ «አጻፍ» ማለት ነበረብኝ ይለኛል ልቤ፣ ግን እሱ ታላቄ ነው፣ ደግሞ እኔ ምን አውቅና።

ሽማግሌ አንኮበር ተቀመጠ። ኃይለ ገብርኤል ነጭ ጃኖ ለብሶ መጣ፣ ቆሞ ተናገረ።

«አባቶቼ፣ እኔ ነገር አላበዛም። ጋሼ ገብረአብ ሚካኤል ደጅ ይቁም። ካህን መስቀል ይያዝ። ባላምባራስ ወርቅአገኘሁ ወፍጮው ያንተ ነው ብሎኛል ብሎ ይማል። ከማለ፣ ክሱን አነሣለሁ፣ ወፍጮውንም እዚህ በፊታችሁ አጽፍለታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። «እንዲህ ነው እንጂ የጨዋ ልጅ!» አሉ። እኔም ተገላገልን ብዬ ነበር። እህቴ ከኋላ ሆና «ተመስገን» ስትል ሰማኋት። ገብረአብን ሳየው ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

ምክንያቱን መንገር አለብኝ፣ አለዚያ ሰው አይገባውም። የገብረአብ አባት በወሰን ተከሰው እዚያው ሚካኤል ደጅ ምለዋል። እውነታቸውን ነው የማሉት፣ ይኸን አገር ያውቃል፣ ከሳሻቸውም ኋላ አምኗል። ግን ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው በንዳድ ሞቱ። ገብረአብ ብቻ ተረፈ። እናቱ ከዚያ ወዲህ «እውነትም ቢሆን መሐላ ልጅ ይወስዳል» እያለች አሳደገችው። ባላምባራስ ይኸን ያውቁ ነበር፣ በቤታቸውም ያወሩት ነበር፤ ባፈና ግን እንዳትፈራ ተብሎ አልተነገራትም።

ከሽማግሌው ስንነሣ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ዘርአ ዳዊት ሄድን።

«መማል መልካም አይደለም፣ ልጄ» አሉት።

«ታዲያ አልማል፣ አባቴ?»

«ንብረትህ ነው። ቤተሰብህ ነው። እኔ ማል አልልህም።»

«አትማል ይበሉኛ!»

«እሱንም አልልህም።»

እቤት ስንገባ ወለተሐና እንደ እሳት ጠበቀችው።

«ገብሬ፣ ባላምባራስ ብለውሃል ወይስ አላሉህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ እውነት መናገር ምን ያስፈራል? ሐሰት አይደለም የምትምለው!»

«አባቴም ሐሰት አልማለም።»

«ንዳድ ነው የገደላቸው! ያን ዓመት የስንቱ ልጅ ሞተ፣ ሁሉም አባት ምሎ ነው?»

እሱ ባፈና ወደ ተኛችበት መደብ አየ። ሳሉ ይሰማል። «ወለተሐና፣ አንድ ናት» አለ። ጠዋት ግን፣ «እምላለሁ» ብሎ ተነሣ። ነጠላውን አጥባ ዘርግታለት ነበር፣ ለበሰ፣ ወጣን።

ሚካኤል ደጅ ሰው እንደ ንግሥ ተሰብስቦ ነበር። አብዱልሀሚድም ከቅጥሩ ውጭ አህያውን ይዞ ቆሟል። መምሬ ዘርአ ዳዊት መስቀሉን ይዘው ወጡ፣ ዓይናቸውን አላነሡም። ገብረአብ ጫማውን አውልቆ ደጀ ሰላሙን ተሳለመ። ቀኝ እጁን አነሣ።

ባፈና ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር። አትምጪ ተብላ ነው የመጣች። አቀበቱን ወጥታ ኖሮ ሳሉ ተነሣባትና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ገብረአብ ዞር ብሎ አያት። እጁ እንደ ተነሣ ቆየ። ከዚያ አወረደው።

«አልምልም» አለ። «ወፍጮውን ይውሰደው።»

ከዚያ አንዲት ሴት «ድሮስ!» አለች። ያ አንድ ቃል በቃ ሁሉን ፈታው። «ውሸቱን ኖሯል!» «ሃያ ዓመት የሰው ንብረት ሲበላ!» «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ አወጣው!» ትናንት ዱቄት በዱቤ የወሰደ ሁሉ አፍ አወጣ። አብዱልሀሚድ ከቅጥሩ ውጭ፣ «እኔ ልማልለት! በቁርአን ልማል! እውነቱን ለኔ ያበድረኝ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀበት። እሱ እያለቀሰ ነበር።

ስንወርድ ኃይለ ገብርኤል ከኋላችን ደረሰብን። ሦስታችን ብቻ ነን መንገዱ ላይ። ገብረአብ ቆመና ጠየቀው።

«ልጄ፣ አባትህ ምንም አልነገሩህም?»

ኃይለ ገብርኤል መሬቱን በከዘራው ጫረ። «የአባትህን መሐላ ነገር አጫውቶኛል። እንደማትምል አውቅ ነበር።»

«የወፍጮውንስ ነገር?»

«እሱንም አጫውቶኛል» አለና አልፎን ሄደ።

በትሬን አነሣሁ፣ ገብረአብ ክንዴን ያዘኝ። ሮጬ ተመልሼ ለሽማግሌዎቹ ነገርኋቸው። ተንተባተብሁ፣ እንደ ልማዴ። «ማን ሰማ?» አሉኝ። እኔና ገብረአብ አልሁ። «አዬ ይርጋለም፣ አማችህ ነውኮ» አሉኝ። እምላለሁ አልሁ። «መሐላ የተባለው ለሱ እንጂ ላንተ አይደለም» አሉኝ። ነገሩ አለቀ። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ያልማለ መሆኑን ጽፈው ላኩ፣ ፍርዱም ለኃይለ ገብርኤል ሆነ። ወፍጮው ለሌላ ሰው ተከራየ።

ገብረአብ ከዚያ በኋላ የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ኖረ። ወንዙ ዳር አይሄድም። ገበያ ሲወጣ ሰላም የሚለው አነሰ፣ ሰላም ያሉትም ዕቃ አያምኑትም ነበር፣ እህል ሲሰፍር ደግመው ይሰፍሩበታል። እኔ በበኩሌ ነገር ላለበት ሰው ሁሉ እላለሁ፣ የሚሰማኝ ካለ። አጻፉ። ምስክራችሁን ከወጣትም ጨምሩ፣ ከናንተ በኋላ የሚቆይ ይሁን። ሰጪው ሳይሞት ወራሹን ጠርታችሁ በአፉ አሰኙት። ይኸን የተማርሁት በሰው ንብረት ነው።

ባፈና ለመዘዞ ሰዎች ታጭታ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ተብሎ ጌሾው ሁሉ ተሰናድቷል። የመዘዞ ሰዎች ሰው ላኩ። የላኩት ሰው ብዙ ዞር ዞር አለ፣ ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ በግ አወራ፣ መጨረሻ ላይ «ያልማለ ሰው ልጅ» አለ። እህቴ ቡና እንኳ ሳታፈላለት ተነሥታ በሩን ከፈተችለት።

ባፈና ያን ጊዜ አላለቀሰችም። አንድ ሰሞን ቆየችና ደብረ ብርሃን ሄጄ ሰው ቤት እቀጠራለሁ አለች። ማንም አልከለከላትም። በምን አፍ? በምትሄድበት ጠዋት ዕቃዋን በጨርቅ ቋጥሬ እኔ ነበርሁ የምሸኛት፣ የጭነት መኪናው እስኪመጣ ደጅ ቆመናል። ገብረአብ ምርጊቱ የተላጠ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ባፈና ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ።»

«ባላምባራስ እውነት ወፍጮው ያንተ ነው ብለውህ ነበር?»

ቀና ብሎ አያት። ልጁም ይኸን ትጠይቀኛለች ብሎ አላሰበም መሰለኝ።

«ብለውኛል፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ባፈና ትሙት በል።»

እኛ አገር በቀን ስንቴ የሚባል ነገር ነው። ሰው ቲማቲም ሲሸጥም እገሌ ይሙት ይላል። ገብረአብ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እኔ አየሁት፣ ሊል ፈልጎ ነበር። አልወጣለትም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ባፈና ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ጉልበቱን ስማ፣ ቋጠሮዋን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ይበቃኛል፣ አጎቴ» አለች፣ «አሁን ገባኝ።»

«አልገባሽም!» አልኋት። ከዚያ በላይ ግን ማስረዳት አቃተኝ፣ መኪናውም ደረሰ። ወጥታ ከእህል ጆንያው ላይ ተቀመጠች፣ ወደ ኋላም አላየችም። ገብረአብ እስኪሞት ድረስ ልጁ አባቴ ዋሽቷል ብላ አምና ነው የኖረችው።